ሁለት መስመር የነበረው ወረቀት፦ በኩላሊት እጥበት ማዕከል ያሳለፍኩት የሶሻል ወርከርነት ተሞክሮ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በሚገኝ አንድ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ውስጥ በሶሻል ወርከርነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ይህን ለመጻፍ ያነሳሱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ በአሜሪካ የሚኖሩ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ወገኖቼና ቤተሰቦቻቸው መጠየቅ የሚገባቸውን ሳይጠይቁ ተራ እንዳያልፋቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወደዚህ ሙያ ለሚገቡ ወጣቶች ነው፤ «የዘር ፍትሕ» እና «የጤና ፍትሐዊነት» የሚሉትን ቃላት በሥልጠና አዳራሽ ደጋግመው ይሰሟቸዋል፣ ነገር ግን በማክሰኞ ጠዋት በሕመምተኛ አጠገብ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ቃላቱ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚጠይቁ የሚነግራቸው ብዙ ሰው የለም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የሕመምተኞቼን ማንነት ለመጠበቅ ስማቸውንም ሆነ የሥራ ቦታዬን አልጠቅስም።

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ሶሻል ወርከር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ልጅ ከወላጅ የሚነጥቅ የመንግሥት ሠራተኛን ነው። በኩላሊት እጥበት ማዕከል ያለው ሶሻል ወርከር ግን ሌላ ነው። በ2008 በወጣው የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ ሜዲኬር ከተባለው የፌዴራል መንግሥት የጤና መድን ክፍያ የሚቀበል ማንኛውም የእጥበት ማዕከል ሐኪም፣ ነርስ፣ የአመጋገብ ባለሙያ እና በሶሻል ወርክ የማስተርስ ዲግሪ ያለው ሰው በአንድ ቡድን ውስጥ ሊኖሩት ይገባል፤ ሕመምተኛው ራሱም የዚህ ቡድን አባል ነው። ቡድኑ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ መላክ ይገባው እንደሆነ መመርመር፣ የማይላክም ከሆነ ምክንያቱን በመዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሕመምተኞቼ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ለአራት ሰዓት ያህል፣ ክንዳቸው ላይ ሁለት መርፌ ተተክሎ ከማሽኑ ጋር ተያይዘው ይቀመጣሉ። ለእነዚህ ሰዎች ንቅለ ተከላ ማለት ዕድሜም ነው፣ ሥራም ነው፣ ለአንዳንዶቹም ከሃያ ዓመት በኋላ አገር ቤት ገብቶ እናትን ማየት ነው። ስለዚህ በተጠባባቂዎች መዝገብ ላይ ያለ ተራ ቀላል ነገር አይደለም። ከሞተ ሰው የሚገኝ ኩላሊት በአገሪቱ በአማካይ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያስጠብቃል፤ በአንዳንድ አካባቢዎችም ከዚህ ይበልጣል። አንድ ዓመት ተኩል ከአንድ ሰው ተራ ላይ ሲወሰድ የተወሰደው ምን እንደሆነ የሚያውቀው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

የኩላሊት እጥበት ታሪክ ራሱ «ማን ይገባዋል?» በሚል ጥያቄ የጀመረ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሲያትል ከተማ ማሽኖቹ ጥቂት፣ ሕመምተኞቹ ብዙ በነበሩበት ጊዜ፣ ከማኅበረሰቡ የተውጣጡ ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ማን እንደሚታከም ይወስን ነበር። ሲወስንም የሰውየውን ሥራ፣ ትዳር፣ ንብረት፣ ትምህርት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳሚያውን ሳይቀር ያይ ነበር። በ1972 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ ሜዲኬር የኩላሊት ድካም ላለባቸው ሰዎች ዕድሜ ሳይለይ መክፈል ሲጀምር ያ ኮሚቴ አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። በሩ ተከፈተ፤ ነገር ግን ከበሩ በስተውስጥ ያለው መንገድ ለሁሉም እኩል አልሆነም። ጥቁሮች ከአሜሪካ ሕዝብ 13 በመቶ ገደማ ሆነው ሳለ፣ ኩላሊታቸው ደክሞ በእጥበት ከሚኖሩት ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ይይዛሉ። ደም ግፊትና ስኳር በጊዜ አለመታከማቸው፣ መድን ማጣት፣ በሰፈር ጥሩ ክሊኒክ አለመኖሩ፣ ወደ ስፔሻሊስት ዘግይቶ መላክ፣ እነዚህ ሁሉ ተደራርበው ያመጡት ነው።

እኔ ሥራውን ስጀምር ይህ ሁሉ የእኛ ጉዳይ አይመስለኝም ነበር። አገር ቤት «ዘር» ስንል የምናስበው ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ መጥተንም «እኛ ሐበሻ ነን» ብለን ከጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ራሳችንን ለይተን ማስቀመጥ ይቀናናል። የሆስፒታሉ ቅጽ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አያውቅም። በመመዝገቢያው መስኮት «ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎ ይታለፋል። ያ ምልክት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ የተረዳሁት በ2023 ጥር ወር ነው፤ ያስረዱኝም የሰባ አንድ ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናቸው።

እኒህ እናት ማሽኑ ላይ ሆነው ሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ሳልፍ በነጻው እጃቸው ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ለጥቁሮች የኩላሊት ተራ ይስተካከላል እየተባለ ነው፤ እኔን ይመለከተኛል?» አሉኝ። ነገሩን በጥቅሉ ሰምቼው ነበር፤ እሳቸውን ይመለከት አይመለከት ግን ልመልስላቸው አልቻልኩም። «ነገ እነግርዎታለሁ» ብዬ ማታውን ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚገመተው በደም ውስጥ ያለ ክሬቲኒን የሚባል ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ተለክቶ፣ ከዕድሜና ከጾታ ጋር በቀመር ተሰልቶ ነው። የሚወጣው ቁጥር ኢጂኤፍአር ይባላል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው። 20 ወይም ከዚያ በታች ሲደርስ ሰውየው እጥበት ሳይጀምር እንኳ በንቅለ ተከላ መዝገብ ላይ ተራ መያዝ ይጀምራል። ለሃያ ዓመት ያህል በስፋት ሲሠራባቸው የነበሩት ቀመሮች ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረባቸው። ሕመምተኛው ጥቁር ከተባለ ውጤቱ ይባዛል፤ በ2009 በወጣው ቀመር ማባዣው 1.159 ነበር። ይህም ማለት ክሬቲኒናቸው፣ ዕድሜያቸውና ጾታቸው አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለት ሰዎች መካከል የጥቁሩ ኩላሊት በወረቀት ላይ ወደ 16 በመቶ ገደማ የተሻለ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ምክንያት ተደርጎ የቀረበው በጥናት ከተካተቱ ሰዎች መካከል የጥቁሮቹ ክሬቲኒን በአማካይ ከፍ ብሎ መገኘቱ ነበር፤ ይህንንም ጥቁሮች የጡንቻ ብዛት ስላላቸው ነው ሲሉ ያብራሩት ነበር። እናቱ ነጭ አባቱ ጥቁር የሆነ ሰው በየትኛው እንደሚሰላ፣ ከጎንደር ወይም ከአስመራ የመጣ ሰውስ ከሚሲሲፒ ተወላጅ ጋር በጡንቻ አንድ ስለመሆኑ ግን የሚመልስ አልነበረም። ለነገሩ «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ስንት የተለያየ ሕዝብ እንደያዘ ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ማየት ይበቃል። በምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የኩላሊት ሕመም ስጋትን የሚጨምር አፖል ዋን የተባለ የዘረመል ልዩነት በስፋት ይገኛል፤ በ2011 የታተመ ጥናት ግን በኢትዮጵያውያን ላይ ፈልጎ አላገኘውም። ሳጥኑ ግን አንድ ነበር፤ ማባዣውም አንድ።

በ2021 መስከረም የአገሪቱ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበርና የብሔራዊ ኩላሊት ፋውንዴሽን የጋራ ግብረ ኃይል ዘርን የማያስገባ አዲስ ቀመር በሁሉም ላብራቶሪ ሥራ ላይ እንዲውል አሳሰበ። በ2022 የአካል ንቅለ ተከላውን ሥርዓት የሚመራው ብሔራዊ መረብ ዘርን የሚያስገባውን ስሌት ከለከለ። ከ2023 ጥር ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ የንቅለ ተከላ ማዕከል በአንድ ዓመት ውስጥ መዝገቡን አገላብጦ፣ በድሮው ቀመር ምክንያት ተራ የዘገየባቸውን ጥቁር ሕመምተኞች ፈልጎ፣ የተወሰደባቸውን ጊዜ እንዲመልስላቸው ታዘዘ። እስከ 2024 መጋቢት ባለው ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተራቸው ተስተካክሎላቸዋል፤ የተመለሰላቸውም በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ ነው።

ትእዛዙ ያለው «ማስረጃ ሲገኝ» ነው። ማስረጃውም በዚያን ጊዜ የተሠራ፣ ቀን ያለበት የላብራቶሪ ውጤት ነው። የንቅለ ተከላ ማዕከሉ በእጁ ያለው ግን ሕመምተኛው ወደ እሱ ከመጣ በኋላ ያለው መረጃ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው በቀድሞ ሐኪሙ ክሊኒክ፣ በተዘጋ ድርጅት፣ በሌላ ክፍለ ሀገር ወይም በሰውየው ቤት በፖስታ ውስጥ ነው። ብዙ ሐኪም ዘወር ያለ፣ ቤት የቀያየረ፣ መድን ያቋረጠ ሰው ወረቀቱ ይበልጥ ይበተናል። ስለዚህ የቀድሞውን በደል ለማረም የወጣው መመሪያ ራሱ፣ የሚከታተልለት ሰው ለሌለው ሕመምተኛ የማይደርስበት አጋጣሚ ሰፊ ነበር። የሶሻል ወርከር ሥራ እዚህ ጋ ነው። ስብሰባ ላይ ስለ ፍትሕ መናገር መልካም ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ፍትሕ ማለት ስልክ መደወል፣ ፋክስ መላክና የድሮ ወረቀት መፈለግ ነበር።

በዚያን ጊዜ በኔ ኃላፊነት ሥር ከ120 በላይ ሕመምተኞች ነበሩ። ከነርሶቹ አንዷ ጋር ሆነን ጥቁር ተብለው የተመዘገቡትንና በተጠባባቂ መዝገብ ላይ ያሉትን ለይተን አወጣን። ከእነሱ መካከል አንድ ኢትዮጵያዊ የታክሲ ሾፌር ነበሩ፤ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ ብዙ የማይናገሩ፣ ሁልጊዜ በሰዓታቸው የሚገኙ ሰው ናቸው። በ2019 መጋቢት እጥበት ስለጀመሩ ተራቸው የሚቆጠረው ከዚያ ወዲህ ነበር። «ጋሼ፣ እጥበት ከመጀመርዎ በፊት የተሠራልዎት የደም ምርመራ ወረቀት ይኖርዎታል?» ስላቸው፣ «ወረቀት አልጥልም» አሉኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ከታክሲያቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ የመኪና መድን፣ የፓርኪንግ ቅጣት ደረሰኝና የሐኪም ወረቀት አንድ ላይ የታጨቀበት ቢጫ ፖስታ ይዘው መጡ።

እጥበታቸው እስኪያልቅ ወረቀቶቹን በቀን በቀናቸው ደረደርኳቸው። በ2017 መስከረም፣ ጋሼ የሃምሳ ዓመት ሰው ሳሉ የተሠራው ውጤት ላይ ክሬቲኒናቸው 3.7 ይላል። ከእሱ ሥር ሁለት መስመር አለ። የመጀመሪያው «ኢጂኤፍአር፣ አፍሪካን አሜሪካን ያልሆነ፦ 18»፣ ሁለተኛው «ኢጂኤፍአር፣ አፍሪካን አሜሪካን፦ 21» ይላል። ሁለተኛው መስመር በእስክሪብቶ ተከቧል። አንድ ደም፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ሰው፤ በአንደኛው መስመር ተራ ይይዛሉ፣ በሁለተኛው አይዙም። ጋሼ ያን ቀን ሐኪሙ ያላቸውን ያስታውሱ ነበር፤ «ትንሽ ይቀርዎታል፣ ገና ሃያ አልገቡም፣ ሲወርድ እንነጋገራለን» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ሐኪሙ በክፋት አልነበረም ያደረገው፤ በጊዜው የነበረውን አሠራር ተከትሎ ነው። በአዲሱ ቀመር ስናሰላው 19 ይመጣል።

ወረቀቱን ሳሳያቸው ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን መስመሮች ደጋግመው አነበቧቸው። ከዚያ በጣታቸው የላይኛውን እየነኩ፣ «ይህኛው ለማን ነበር?» አሉኝ። ለሌላ ሰው የታሰበ፣ በእሳቸው ደም የተሠላ ቁጥር መሆኑን በአማርኛ ለማስረዳት ስሞክር ድምፄ አልታዘዝልህ አለኝ።

ቅጂውን ከአጭር ደብዳቤ ጋር ለንቅለ ተከላ ማዕከሉ አስተባባሪ ላክን፤ ሕመምተኛው የሚፈርምበትን ፈቃድም አያይዘን ነበር። ሦስት ሳምንት መልስ ሳይመጣ ሲቀር ደወልኩ፤ ከዚያም በየሳምንቱ ሰኞ ደወልኩ። በመጨረሻ የጋሼ ተራ ከ2017 መስከረም ጀምሮ እንዲቆጠር መስተካከሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተመለሰላቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር ያለብኝን እናገራለሁ። ያን ሁለት መስመር ለዓመታት በየመዝገቡ አይቼዋለሁ። ስለ ዘረኝነት በየዓመቱ ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ፈርሜያለሁ፤ ነገር ግን «ይህ ቁጥር ለምን ሁለት ሆነ?» ብዬ አንድም ቀን ሐኪም ጠይቄ አላውቅም። የላብራቶሪ ጉዳይ የእኔ ሥራ አይደለም ብዬ አስብ ነበር። በ2021 ሰኔ የአሜሪካ ብሔራዊ የሶሻል ወርከሮች ማኅበር ሙያው ባለፉት ዘመናት በዘረኝነት አሠራር ለነበረው ድርሻ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። መግለጫውን ሳነብ የድሮ ሰዎች ታሪክ መስሎኝ ነበር፤ የጋሼን ወረቀት ካየሁ በኋላ ግን ሰው ባያይም፣ ባይጠይቅም በደሉ በእጁ ሊያልፍ እንደሚችል ገባኝ። ወጣት ባልደረቦቼ ከዚህ የሚይዙት ነገር ቢኖር፣ በቡድን ስብሰባ ላይ የሕክምናውን ቁጥር ከየት እንደመጣ መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን የሥራችን አካል መሆኑን ነው።

ቅድም ይዛችሁ ቆዩልኝ ወዳልኳት ሐረግ ልመለስ። አንድ ሕመምተኛ ለንቅለ ተከላ ካልተላከ ምክንያቱ ይጻፋል። የጋሼ ጉዳይ ካለቀ በኋላ በማዕከላችን ያልተላኩትን ሰዎች ምክንያት በዘርና በቋንቋ ለይቼ ማየት ጀመርኩ፤ ማንም አላዘዘኝም፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቂ ነበር። እንግሊዝኛ የማይናገሩት ሰዎች በብዛት የተቀመጡት «ፍላጎት የላቸውም» በሚለው ሥር ሆኖ አገኘሁት። ከእነሱ አንዷ የደብረ ብርሃን ተወላጅ የሆኑ እናት ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ ስለሆንኩ ቁጭ ብዬ፣ «እትዬ፣ ንቅለ ተከላውን ለምን ጠሉት?» ስላቸው በድንጋጤ አዩኝና፣ «ሁለቱንም ኩላሊቴን አውጥተው ሌላ ሊተኩ ነው አሉኝ፤ አዲሱ እምቢ ቢለኝ ያለ ኩላሊት ልቀር?» አሉኝ። በስልክ ያስተረጎመላቸው ሰው እንደዚያ ብሎ ተርጉሞላቸው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የአሥራ ሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ተርጉማላቸው ነበር። እውነቱ በአብዛኛው የሕመምተኛው ኩላሊቶች ባሉበት ይቀራሉ፤ አዲሱ ከሆድ በታች በጎን በኩል ይቀመጣል፣ እምቢ ቢልም ወደ እጥበት መመለስ ይቻላል። ይህን በሥዕል ካሳየኋቸው በኋላ ምርመራውን ለመጀመር በዚያው ቀን ፈረሙ። «ፍላጎት የላቸውም» የሚለው ቃል በመዝገባቸው ላይ የተቀመጠው ለሁለት ዓመት ነበር፤ እኔም ያንን ቃል ሳልመረምር አድሼዋለሁ።

መዝገብ ላይ የሚሰፍር ቃል ሰውን ይከተላል። በ2022 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በጥቁር ሕመምተኞች መዝገብ ላይ እንደ «አይታዘዝም»፣ «ያስቸግራል» ያሉ አሉታዊ መግለጫዎች የመገኘታቸው ዕድል ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የንቅለ ተከላ ማዕከል ሕመምተኛን ሲመዝን ቀጠሮ ያከብራል ወይ፣ መድኃኒቱን ይወስዳል ወይ የሚለውን የሚያየው ከዚህ መዝገብ ነው። ስለዚህ አሁን «ሦስት ቀጠሮ አልተገኙም» ብዬ አላቆምም፤ «የአካል ጉዳተኞች ማመላለሻ መኪና በሦስቱም ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶባቸው አልተገኙም፤ ከመኪናው አገልግሎት ጋር ተነጋግሬ የመነሻ ሰዓታቸው ተቀይሯል» ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል።

ስለ ማስተርጎም ሕጉ ግልጽ ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ርዕስ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በዘር፣ በቀለምና በትውልድ አገር እንዳያዳላ ይከለክላል፤ በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ አንቀጽ 1557 ደግሞ ይህንኑ በጤና አገልግሎት ላይ ያጸናል። በእሱ መሠረት ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነጻ ሊቀርብ ይገባል፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግም አይፈቀድም። በ2025 መጋቢት እንግሊዝኛን ኦፊሴላዊ ቋንቋ ያደረገ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ወጥቶ፣ በ2000 ስለ ቋንቋ አገልግሎት የወጣውን የቀድሞ ትእዛዝ ሽሯል። ብዙ ወገኖቻችን ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ መጠየቅ የተከለከለ መስሏቸው ዝም ብለዋል። ሁለቱ ሕጎች ግን በኮንግረስ የወጡ በመሆናቸው በዚያ ትእዛዝ አልተሻሩም። ስለዚህ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት አሁንም መብታችሁ ነው፤ ተርጓሚው ያለው ነገር ካልገባችሁም ሌላ እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ።

የኩላሊት ሕመም አለባችሁ የተባላችሁ ሰዎች ከሐኪማችሁ ቢሮ ስትወጡ ክሬቲኒናችሁና ኢጂኤፍአራችሁ ስንት እንደሆነ በቁጥር አውቃችሁ ውጡ፤ «ትንሽ ደክሟል» የሚለው መልስ አይበቃም። ቁጥሩ ወደ 20 ሲጠጋ «ለንቅለ ተከላ ግምገማ መቼ ነው የምትልኩኝ?» ብላችሁ እናንተው ጠይቁ፤ እጥበት እስኪጀመር መጠበቅ ግዴታ አይደለም። በመዝገብ ላይ ከገባችሁም ተራችሁ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ አድርጉ። ያ ቀን እጥበት የጀመራችሁበት ከሆነና ከዚያ በፊት ለዓመታት በሐኪም ክትትል ሥር ከነበራችሁ፣ የድሮው ቀመር ዘግይቶባችሁ እንደሆነ የማዕከሉን አስተባባሪ ጠይቁ። የአንድ ዓመቱ ፍተሻ ቢጠናቀቅም ማስረጃ ያለው ሰው ጥያቄውን ማቅረብ ይችላል። የድሮ የሕክምና መዝገባችሁን ለማግኘት ለክሊኒኩ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የፌዴራል ሕግ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጧችሁ ያዝዛል፣ ምክንያት ካላቸው አንድ ጊዜ 30 ቀን መጨመር ይችላሉ። የማዕከላችሁን ሶሻል ወርከር በስም እወቁት፣ ደጋግማችሁም አስቸግሩት፤ ሥራው ነው።

ከገንዘብ ጋር በተያያዘ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከንቅለ ተከላ በኋላ አዲሱን ኩላሊት ሰውነት እንዳይገፋው የሚወሰደው መድኃኒት ለዕድሜ ልክ ነው። ቀደም ሲል በኩላሊት ምክንያት ብቻ ሜዲኬር ያገኙ ሰዎች መድናቸው ከንቅለ ተከላው 36 ወር በኋላ ይቋረጥ ስለነበር፣ መድኃኒቱን መግዛት አቅቷቸው የተተከለላቸውን ኩላሊት ያጡ ሰዎች ነበሩ። ከ2023 ጥር ጀምሮ ሌላ መድን የሌለው ሰው ለዚሁ መድኃኒት ብቻ የሚሆን የሜዲኬር ሽፋን መግዛት ይችላል። «ከሦስት ዓመት በኋላ የሚከፍልልኝ የለም» ብሎ ንቅለ ተከላ የተወ ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት።

ሬዲዮ ሰምተው የጠየቁኝን እናት ነገር አልጨረስኩም። የእሳቸው ወረቀት እንደ ጋሼ በፖስታ ውስጥ አልነበረም። ይከታተላቸው የነበረው ክሊኒክ ተዘግቷል፤ መዝገቡን የተረከበውም ድርጅት ለሁለት ደብዳቤያችን «አልተገኘም» የሚል መልስ ሰጠን። ሐኪም ለእርዳታ የመጣ መስሎ ሰው ላይ ምርምር ያደረገበት ዘመን በቤተሰባቸው የሚወራ ታሪክ ነው፤ በአላባማ ግዛት ከ1932 እስከ 1972 የቂጥኝ መድኃኒት እየተከለከሉ ሲጠኑ ከነበሩት ጥቁሮች አካባቢ ነው አባታቸው የመጡት። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚለው መልስ አላስደነቃቸውም፤ እኔ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ቀን ስለ ሌላ ነገር ስንጨዋወት፣ እጥበት ከመጀመራቸው በፊት አንድ የምስጋና በዓል ሰሞን ከአውቶቡሱ ደረጃ ወድቀው እጃቸው ተሰብሮ ሆስፒታል እንዳደሩ ነገሩኝ። ሆስፒታል ያደረ ሰው ደም ይመረመራል። የሆስፒታሉን የመዝገብ ክፍል ጠየቅን፤ በአራተኛው ሳምንት ውጤቱ መጣ። ክሬቲኒኑ ነበር፣ ቀኑ ነበር፣ ሁለቱም መስመሮች ነበሩ።

ተራቸው አሥራ አንድ ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ተስተካከለላቸው። ደብዳቤውን ካነበብኩላቸው በኋላ ዝም ብለው ቆዩና፣ በቤተ ክርስቲያናቸው በእጥበት ላይ ያሉ ሦስት ሰዎች እንዳሉ ነግረውኝ፣ ምን ብለው፣ ለማን፣ የትኛውን ወረቀት ይዘው እንደሚጠይቁ በአንድ ገጽ ላይ በትልቅ ፊደል እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ማሽኑ እስኪጨርስ ድረስ አጠገባቸው ተቀምጬ ጻፍኩላቸው። ጋሼ ያን ገጽ አይተው ለእኛም በአማርኛ ይጻፍልን ስላሉኝ ነው ይህን የጻፍኩት።